የእብጠት ስም በአንድ ምልክት አይሰጥም፦ ስለ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢዎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ ተጽፎ በሕክምና ተማሪዎችም በሕሙማን ቤተሰቦችም ዘንድ የተነበበ አንድ ጽሑፍ፣ በለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ፣ ማለትም በስብ፣ በጡንቻ፣ በጅማት፣ በነርቭና በደም ሥሮች አካባቢ የሚበቅሉ ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚለዩ ለማስረዳት ሞክሯል። ጸሐፊው ስለዚህ ከባድ ጉዳይ በራሳችን ቋንቋ ለመጻፍ መነሣታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እያደገ ያለ እብጠት በእጅ ተዳስሶ ብቻ «ስብ ነው» ተብሎ መተው እንደሌለበት ማሳሰባቸውም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያስቀመጧቸው ድምዳሜዎች ግን፣ አንባቢ እንደ መመሪያ ቢይዛቸው፣ ካንሰር የሌለበት ሰው ለማያስፈልገው ሰፊ ቀዶ ሕክምና እንዲዳረግ፣ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ «ምንም የለብህም» ተብሎ እንዲሸኝ ሊያደርጉ ይችላሉ። በፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታን በመለየት ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ በዝምታ ላልፋቸው አልቻልሁም።

የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ፈጥኖ ያደገና በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት የበዙበት እብጠት ካንሰር ነው፣ ቀስ ብሎ ያደገው ግን አይደለም። እያንዳንዱ ዕጢ የሚነሣው በስሙ ከተጠቀሰው ሕብረ ሕዋስ ነው። በአገራችን ሁኔታ መካከሉ የሞተ ግራኑሎማ (የመከላከያ ሕዋሳት ተሰብስበው የሚሠሩት ቋጠሮ) ከታየ ቲቢ ነው ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቻላል። ጥርጣሬ የቀረ እንደሆነ ትክክለኛውን ልዩ ቀለም (በናሙናው ውስጥ አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳይ) መቀባት መልሱን ይሰጣል። ፓቶሎጂስቱ ፍርዱ እንዳይዛባ የሕመምተኛውን ታሪክ ሳያውቅ ስላይዱን (ናሙናው የተለጠፈበትን መስታወት) ቢያነብ ይመረጣል። በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ለሁሉም ይበቃል። በመጨረሻም፣ የጂን ምርመራ በሌለበት አገር በተለመደው ቀለም ብቻ የሚሰጥ መልስ ከግምት አያልፍም።

እነዚህ ነጥቦች የተለያዩ ቢመስሉም የጋራ ምንጭ አላቸው፤ ሁሉም አንድን ምልክት ከአካባቢው ነጥለው ብቻውን እንዲፈርድ ያደርጉታል። ዕጢን በማይክሮስኮፕ መለየት ግን የሕመምተኛው ዕድሜ፣ እብጠቱ ያለበት ቦታና ጥልቀት፣ በዝቅተኛ ማጉያ የሚታየው አደረጃጀት፣ ቀጥሎም የሕዋሳቱ ቅርጽ፣ በመጨረሻም የልዩ ቀለሞቹ ውጤት እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ብቻ ስም የመስጠት ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው አምስተኛው ምደባ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚህ ዘርፍ ከ100 በላይ የዕጢ ዓይነቶች አሉ። ካንሰር ያልሆኑት ካንሰር ከሆኑት በቁጥር ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጣሉ፤ ሳርኮማ የሚባሉት አደገኛዎቹ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ሁሉ 1 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ብዙ ዓይነት ባለበትና እያንዳንዱ አደገኛ ዓይነት ብርቅ በሆነበት ዘርፍ አንድ ምልክትን ማመን ለስሕተት በር መክፈት ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ የእድገት ፍጥነትና የሕዋሳት መከፋፈል ነው። በክንድ ላይ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ያለ፣ ሲነካ ትንሽ የሚያምም፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ እብጠት ያለበትን ወጣት እናስብ። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንዝርት የመሰሉ ወፍራም ሕዋሳት በሚዝለገለግ መደብ ላይ ልቅ ሆነው ተበትነዋል፣ በመካከላቸው ትናንሽ ክፍተቶችና ከደም ሥር የፈሰሱ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉ፣ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትም በየመስኩ ይታያሉ። በጸሐፊው መለኪያ ይህ ሰው ካንሰር አለበት። በእውነቱ ግን ይህ ኖዱላር ፋሲያይተስ የሚባለው ነው፤ በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጽ ገና ከጅምሩ ሳርኮማን የሚያስመስል ነገር ተብሎ የተመዘገበ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚከስም፣ ወደ ሌላ አካል የማይዛመት እብጠት ነው። በ2011 ዩኤስፒ 6 የተባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር ተዋሕዶ እንደሚገኝበት ታወቀ፤ በዚህም እድገቱ የዕጢ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚቆም ዕጢ መሆኑ ግን አልተለወጠም። ፓቶሎጂስት ከሳርኮማ የሚለየው በመከፋፈል ላይ ያሉትን ሕዋሳት ቁጥር አይቶ አይደለም። የሕዋሳቱ ኒውክለሶች (አስኳሎች) እርስ በርስ መመሳሰላቸው፣ መከፋፈሉ ቅርጹን ያልሳተ መሆኑ፣ አደረጃጀቱ ልቅ መሆኑና ከሁሉም በላይ የሳምንታት ታሪክ ከትንሽ መጠን ጋር መገጣጠሙ ነው የሚለየው። ባልተለመደ ቅርጽ የሚከፋፈል ሕዋስ፣ ለምሳሌ ክሮሞሶሞቹ በሦስት አቅጣጫ የተጎተቱበት፣ ከተገኘ ይህን ስም መስጠት አይቻልም።

ተቃራኒው ወጥመድ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ማንንም አያስደነግጥም። ዝቅተኛ ደረጃ ፋይብሮሚክሶይድ ሳርኮማ የሚባለውን ፓቶሎጂስቱ ኤቫንስ በ1987 ሲገልጸው፣ ሕዋሳቱ እጅግ የተረጋጉ፣ ኒውክለሶቻቸው ትናንሽ፣ የሚከፋፈሉት በጣት የሚቆጠሩ ወይም ምንም የሌሉ መሆናቸው ከኋለኛው አካሄዱ ጋር ፈጽሞ አልተጣጣመም ነበር። ዕጢው በጭን ወይም በትከሻ ጥልቅ ጡንቻ ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከተወገደ በኋላ ከአሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ በሳንባ ላይ ሊገኝ ይችላል። የሚለየው በዝቅተኛ ማጉያ ነው፤ ኮላጅን የበዛበት ጠንካራ ክፍልና የሚዝለገለግ ክፍል እየተፈራረቁ ይታያሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሽግግርም ድንገተኛ ነው። ሙክ 4 የተባለው ፕሮቲን በልዩ ቀለም ሲወጣ ጥርጣሬው ይጸናል። ወደ ከፍተኛ ማጉያ ዘልሎ ሕዋሳት መቁጠር የጀመረ ሰው ይህን መፈራረቅ አያየውም።

ሲኖቪያል ሳርኮማም እንዲሁ ነው። በጉልበት ወይም በቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ በአፍላ ወጣቶችና በጎልማሶች ላይ፣ አንዳንዴ ለዓመታት ትንሽ ሆኖ የቆየ እብጠት ሆኖ ይመጣል፤ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ተብሎ ያለ ምርመራ ሲወጣ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ሕዋሳቱ ተመሳሳይና የተጠጋጉ፣ ኒውክለሶቻቸው እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው። በየቦታው ካልሲየም ሊታይ ስለሚችል ራጅ ላይ ነጭ ነጥብ ያየ ሐኪም አሮጌና ጉዳት የሌለው ነገር ነው ብሎ ይታለላል። በሌላ በኩል ሽዋኖማ የተባለው የነርቭ ሽፋን ዕጢ ሲያረጅ ኒውክለሶቹ ትላልቅ፣ ጥቁርና የተዛቡ ይሆናሉ፤ ላየው ሰው አስፈሪ ነው፣ ነገር ግን የእርጅና ለውጥ እንጂ ካንሰር አይደለም። በአቅራቢያው ኒውክለሶች በረድፍ የተሰለፉበት ጥቅጥቅ ያለ ክፍልና ልቅ የሆነ ክፍል ጎን ለጎን ከተገኙ፣ ዙሪያውን ሽፋን ከከበበው፣ ኤስ 100 የተባለው ፕሮቲንም በስፋት ከታየ ነገሩ ያበቃለታል።

በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት ቆጠራ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የፈረንሳይ የደረጃ አሰጣጥ ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ዕጢው ከጤናማ ሕብረ ሕዋስ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል፣ በ10 የከፍተኛ ማጉያ መስኮች ውስጥ ስንት ሕዋሳት ሲከፋፈሉ እንደሚታዩ (ከ0 እስከ 9፣ ከ10 እስከ 19፣ 20 እና ከዚያ በላይ)፣ እንዲሁም የሞተው ክፍል ከግማሽ በታች መሆኑን ወይም አለመሆኑን። ድምሩ 2 ወይም 3 ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ሁለተኛ፣ ከ6 እስከ 8 ከሆነ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዕጢው ሳርኮማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ቆጠራው የሳርኮማን ደረጃ ይለካል እንጂ አንድ እብጠት ሳርኮማ መሆን አለመሆኑን አይወስንም። ጸሐፊው የሁለተኛውን እርምጃ መለኪያ አምጥተው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ተጠቅመውበታል። በዚህ ላይ የማይክሮስኮፖቻችን የመስክ ስፋት ስለሚለያይ፣ ቆጠራው በዘዴው የመጀመሪያ መለኪያ መሠረት በ1.7 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ውስጥ መደረግ እንዳለበት መታወስ አለበት፤ ሰፊ መስክ ባለው አዲስ ማይክሮስኮፕ 10 መስክ የቆጠረ ሰው ሳያውቀው የዕጢውን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ዕጢ የሚነሣው በስሙ ከተጠቀሰው ሕብረ ሕዋስ ነው የሚለው፣ ረጅም ምላሽ አያስፈልገውም። ሲኖቪያል ሳርኮማ ከመገጣጠሚያ ሽፋን አይነሣም፤ ሳንባ ውስጥም፣ አንገት ላይም፣ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፣ መለያውም በኤክስና በ18ኛው ክሮሞሶም መካከል የሚደረገው የቁራጭ ልውውጥ ነው። ዛሬ የምንመድበው ዕጢው ምን ዓይነት ሕዋስ ለመምሰል እንደሚሞክር አይተን ነው፤ ከየት እንደተነሣ ብዙ ጊዜ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ይህን አለመለየት የሙያውን ታላላቅ ሰዎችም አሳስቷል። በ1960ዎቹ ውስጥ ማሊግናንት ፋይብረስ ሂስቲዮሳይቶማ የሚባል ስም ተፈጠረና ከሂስቲዮሳይት (በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ባዕድ ነገርን ከሚውጥ የመከላከያ ሕዋስ) የተነሣ ዕጢ ነው ተብሎ፣ ለዓመታት በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚመረመር ሳርኮማ ሆኖ ቆየ። በ1992 ፓቶሎጂስቱ ፍሌቸር በዚህና በመሰል ስም የተመዘገቡ 159 ዕጢዎችን እንደገና ሲመረምር፣ አብዛኞቹ ሌላ የታወቀ ስም ያላቸው ሆነው ተገኙ፤ ከፊሎቹ ጭራሽ ሳርኮማ አልነበሩም፣ ካርሲኖማ (ከሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር)፣ ሜላኖማ (ቀለም ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር) ወይም ሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ነበሩ። ስሙ ደረጃ በደረጃ ከምደባው ወጣ፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ተፈትሾ ምንም መለያ ያልተገኘለት ብቻ ያልተለየ ፕሊዮሞርፊክ ሳርኮማ ይባላል። ስለዚህ ሕዋሳቱ እጅግ የተዛቡበት ዕጢ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ሳርኮማ ነው?» ሳይሆን «በእርግጥ ሳርኮማ ነው?» የሚለው ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ለእኛ አገር ሕሙማን ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ቲቢ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው፤ በአንገትና በብብት ንፍፊት ሆኖ የሚመጣው የቲቢ ዓይነትም በብዛት ይታያል። መካከሉ የሞተ፣ ዙሪያውን ኤፒቴሊዮይድ (የሽፋን ሕዋስ የሚመስሉ) ሕዋሳት የከበቡት ቋጠሮ ሲታይ ቲቢ ቀድሞ ወደ አእምሮ መምጣቱ ትክክል ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሌላ ነገር መጠርጠር አያስፈልግም ማለት ግን አደገኛ ነው።

ኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማን ፓቶሎጂስቱ ኤንዚንገር በ1970 ሲገልጸው ግራኑሎማን ወይም ካርሲኖማን የሚያስመስል ሳርኮማ ብሎ ነው ያስተዋወቀው። በወጣቶች ጣት፣ መዳፍ ወይም ክንድ ላይ ትንሽ ጠንካራ እብጠት ሆኖ ይጀምራል፣ ቀስ ይላል፣ ቆዳውን ቀድዶ የማይድን ቁስል ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቋጠሮዎች አሉት፤ የቋጠሮዎቹ መካከል ይሞታል፤ ዙሪያውን ሮዝ ቀለም የወሰዱ፣ የኒውክለሳቸው መዛባት ለዘብ ያለ ሕዋሳት ይሰለፋሉ፤ ሊምፎሳይቶችም (ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት) ዳር ዳሩን ይከባሉ። ከአብዛኞቹ ሳርኮማዎች በተለየ ደግሞ ወደ ሊምፍ ዕጢ ይዛመታል። ስለዚህ በእጁ ላይ የማይድን ቁስል፣ በብብቱ ደግሞ ንፍፊት ያለው ወጣት በቀላሉ የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለታል፤ ወራት ካለፉ በኋላ ቁስሉ ሳይሻለው፣ ንፍፊቱም አድጎ ይመለሳል።

የሚለዩት ነገሮች አሉ። በኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማ ውስጥ ኤፒቴሊዮይዶቹ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ወደ እንዝርት መሰል ሕዋሳት ይለወጣሉ፣ ድንበሩ አይታወቅም፤ በቲቢ ቋጠሮ ውስጥ የምንጠብቃቸው ኒውክለሶቻቸው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሰለፉ ግዙፍ ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ የሉም፤ ሕዋሳቱ ከሂስቲዮሳይት ይልቅ ግዙፍና ጠርዛቸው የጎላ ነው። በልዩ ቀለም ደግሞ ኬራቲን የተባለው የሽፋን ሕዋሳት ፕሮቲን ይታይባቸዋል፣ ይህም በሂስቲዮሳይት ላይ የማይጠበቅ ነው፤ አይኤንአይ 1 የተባለው በጤናማ ሕዋሳት ሁሉ ኒውክለስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ደግሞ ከአብዛኞቹ ይጠፋል። የቲቢን ባክቴሪያ ለማየት የሚቀባው የዚልኒልሰን ቀለም ባክቴሪያ አለማሳየቱ ቲቢ አይደለም ለማለት አይበቃም፣ በእውነተኛ ቲቢም ብዙ ጊዜ አይታይምና። ለዚህ ነው ሪፖርቱ «ቲቢ» ብሎ የሚዘጋ ሳይሆን፣ የተገኘው መካከሉ የሞተ የግራኑሎማ ዓይነት ለውጥ መሆኑን፣ ቦታው እጅ ወይም እግር ከሆነ ደግሞ ኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማ መታሰቡንና መወገዱን ወይም አለመወገዱን የሚናገር መሆን ያለበት። የኬራቲን ቀለም ብቻ ያለው ላቦራቶሪ እንኳ ይህን ጥያቄ በከፊል ሊመልስ ይችላል።

አራተኛው ነጥብ ስለ ልዩ ቀለሞች ነው። ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በሕዋሱ ውስጥ ያለን አንድ ፕሮቲን በአንቲቦዲ ፈልጎ ቡናማ ቀለም ይሰጠዋል፤ የሚነግረን ፕሮቲኑ መኖሩን እንጂ የዕጢውን ስም አይደለም። ጸሐፊው ሲዲ 99 የተባለው ፕሮቲን ከታየ ዩዊንግ ሳርኮማ (በብዛት በልጆችና በወጣቶች አጥንት ላይ የሚታይ ካንሰር) ነው ብለዋል። ሲዲ 99 በዩዊንግ ሳርኮማ ሕዋሳት ዙሪያ ጠንክሮ እንደሚታይ እውነት ነው። ነገር ግን በልጆች ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማም፣ በሲኖቪያል ሳርኮማም፣ በሌሎች በርካታ ዕጢዎችም ይታያል፤ ዩዊንግን በኬሞቴራፒ የምናክምበት መንገድ ደግሞ ሊምፎማን ከምናክምበት የተለየ ነው። ትናንሽ ክብ ሕዋሳት ያሉት የሕፃን ዕጢ ሲያጋጥም ቢያንስ የሊምፎማ፣ የጡንቻና የኬራቲን ጠቋሚዎች አብረው መሠራት አለባቸው፤ ማዮጄኒን በኒውክለስ ውስጥ ከታየ ወደ ራብዶማዮሳርኮማ (የጡንቻ ሳርኮማ)፣ ቲዲቲ ከታየ ወደ ሊምፎብላስቲክ ሊምፎማ ይመራል። ሲዲ 34 የተባለው ፕሮቲን ከዚህም የሰፋ ነው። በቆዳ ሥር ስቡን እየሰረሰረ በሚገባው ዴርማቶፋይብሮሳርኮማ ላይ፣ በሶሊታሪ ፋይብረስ ዕጢ ላይ፣ ምንም ጉዳት በሌለው የአንገት ስብ ዕጢ ላይ፣ በካፖሲ ሳርኮማ ላይ፣ ከላይ ባነሣሁት ኤፒቴሊዮይድ ሳርኮማ ግማሽ ያህሉ ላይ ይወጣል። አንድ ቀለም ለአምስት ልዩ ልዩ በሽታዎች «አዎ» የሚል ከሆነ፣ ጥያቄውን የሚያጠብበው በተለመደው ቀለም የታየው አደረጃጀት ብቻ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጡ መኖራቸውን መሸሸግ አልፈልግም። ካፖሲ ሳርኮማ፣ በ1872 ሞሪትዝ ካፖሲ የገለጸውና ከኤችአይቪ ጋር ተያይዞ በአፍሪካ ብዙ ሰው የጎዳው ዕጢ፣ በመጀመሪያ ደረጃው እጅግ ስውር ነው፤ በቆዳው ውስጥ በነባሮቹ የደም ሥሮች ዙሪያ ጥቂት የተዛነፉ ቀጫጭን ክፍተቶች፣ ፕላዝማ ሕዋሳትና የፈሰሰ ደም ብቻ ይታያሉ፣ በቀላሉም ተራ የቆዳ ብግነት ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ቻንግና ሙር በ1994 ምክንያቱ የሆነውን ስምንተኛውን የሰው ሄርፒስ ቫይረስ ካገኙ በኋላ የቫይረሱን ፕሮቲን በኒውክለስ ውስጥ የሚያሳይ አንቲቦዲ መጣ፤ ይህ ከሌሎቹ እጅግ የሚታመን ነው። እርሱም ቢሆን እንዲቀባ የሚጠየቀው ፓቶሎጂስቱ እነዚያን ክፍተቶች አይቶ ሲጠረጥር ነው። የሚጠፋ ፕሮቲንን በተመለከተም ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አይኤንአይ 1 ከዕጢው ጠፍቷል ለማለት በዚያው ስላይድ ላይ ያሉት የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳትና ሊምፎሳይቶች መቀባታቸው መታየት አለበት። እነርሱም ካልተቀቡ የተበላሸው ቀለሙ ወይም የናሙናው አያያዝ ነው።

አምስተኛው ነጥብ፣ ታሪክ ሳያውቁ ማንበብ፣ ከፊል እውነት አለበት። ስላይዱን መጀመሪያ አይቶ የራስን ሐሳብ ከያዙ በኋላ የጥያቄ ወረቀቱን ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው። ታሪኩን ጨርሶ አለማወቅ ግን ዓይንን ማሰር ነው። በአንድ አዛውንት ማጅራት ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ በስብ መካከል ኒውክለሶቻቸው እንደ አበባ ቅጠል በክብ የተደረደሩ ግዙፍ ሕዋሳት ቢገኙ ፕሊዮሞርፊክ ሊፖማ፣ ካንሰር ያልሆነ የስብ ዕጢ ነው፣ ወጥቶ ያልቃል። ያንኑ የመሰለ የተዛባ ኒውክለስ ያለው የስብ ዕጢ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ቢገኝ በደንብ የተለየ ሊፖሳርኮማ (ጤናማ ስብን በእጅጉ የሚመስል የስብ ሳርኮማ) የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ እየተመላለሰ የሚያስቸግር፣ ወደ ከፋ ዓይነትም ሊለወጥ የሚችል ነው። ኤምዲኤም 2 የተባለው ጂን መባዛቱን የሚያሳይ ምርመራ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ምርመራው በሌለበት ግን ቦታው ራሱ ታላቅ ምስክር ነው። ብዙ ተማሪ ሊፖሳርኮማን ለመለየት ሊፖብላስት የሚባለውን ያልበሰለ የስብ ሕዋስ ሲያሳድድ ይውላል፤ ያ ሕዋስ ካንሰር ባልሆነው የሕፃናት ሊፖብላስቶማ ውስጥም ይገኛል፣ በብዙ በደንብ የተለዩ ሊፖሳርኮማዎች ውስጥ ደግሞ አይገኝም።

ማዮሳይተስ ኦሲፊካንስም (በጡንቻ ውስጥ አጥንት የሚሠራበት፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ሌላ ማስረጃ ነው። ኳስ ሲጫወት ጭኑን የተመታ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው ውስጥ እብጠት ያወጣል። ከመካከሉ ብቻ የተወሰደ ናሙና የሚያሳየው እየተከፋፈሉ ያሉ ሕዋሳትና ያልበሰለ አጥንት ነው፣ ይህም የአጥንት ሳርኮማን በእጅጉ ይመስላል። ሙሉው ሲታይ ግን አጥንቱ ከመካከል ወደ ዳር እየበሰለ ይሄዳል፤ በሳርኮማ ይህ ሥርዓት አይታይም። ራጁን ያላየና የምቱን ታሪክ ያልሰማ ፓቶሎጂስት ትንሿን ቁራጭ ይዞ የዚያን ልጅ እግር አደጋ ላይ ይጥላል። «የጭን እብጠት» ብቻ ተጽፎበት የሚመጣ የጥያቄ ወረቀት ገለልተኛ አይደለም፤ ጎዶሎ ነው።

ስለ ቀጭን መርፌ በአጭሩ ልበል። የቀጭን መርፌ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቀድሞ የታወቀ ሳርኮማ መመለሱን ለማረጋገጥ፣ ንፍፊትን ለማጥራት፣ የካርሲኖማን ወይም የሜላኖማን መዛመት ለመያዝ ይጠቅማል። ሕዋሳቱን ግን ከአደረጃጀታቸው ነቅሎ ያመጣቸዋል፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ፣ መፈራረቁም፣ ረድፉም፣ ከመካከል ወደ ዳር ያለው ሥርዓትም፣ በዚያ ስላይድ ላይ የለም፤ ደረጃ መስጠትም አስተማማኝ አይሆንም። ከ5 ሴንቲ ሜትር ለበለጠ ወይም በጥልቅ ላለ እብጠት በወፍራም መርፌ ከተለያየ ቦታ የተወሰዱ በርከት ያሉ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። መርፌው የሚገባበትም ቦታ በኋላ ዕጢውን ከሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ጋር ተመክሮበት መመረጥ አለበት፣ መንገዱ ከዕጢው ጋር አብሮ መውጣት አለበትና።

የመጨረሻው ነጥብ ተስፋ የሚያስቆርጥ ስለሆነ አሳስቦኛል። ጸሐፊው የጂን ምርመራ በሌለበት በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን፣ ማለትም በተለመደው ቀለም፣ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው ይላሉ። በፈረንሳይ ተሠርቶ በ2016 በታተመ ጥናት፣ በሳርኮማ ልምድ ባላቸው ፓቶሎጂስቶች አስቀድሞ የታዩ 384 ሕሙማን ዕጢዎች ከዚያ በኋላ በጂን ምርመራ ሲፈተሹ፣ ምርመራው ስማቸውን የለወጠው የ53ቱን ነው። ለእነዚያ 53 ሰዎች ለውጡ ታላቅ ነው፣ ምርመራው ወደ አገራችን መስፋፋት እንዳለበትም ጥርጥር የለኝም። የቀሩት ከ8 አሥረኛው በላይ የሚሆኑት ግን ማይክሮስኮፕና ልዩ ቀለም በሰጣቸው ስም ጸንተዋል። ከዚህ ጋር ሊታይ የሚገባው በሁለት የፈረንሳይና በአንድ የኢጣሊያ ክልል ተሠርቶ በ2012 የታተመው ሌላ ጥናት ነው፤ የመጀመሪያው ፓቶሎጂስት የሰጠው መልስ በባለሙያ ዳግም ሲታይ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል የተለወጠው ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ትልቁ ክፍተት ያለው በማሽን እጦት ሳይሆን በሁለተኛ ልምድ ባለው ዓይን እጦት መሆኑን ይረዳል፤ ሁለተኛ ዓይን ደግሞ ስላይድ ወይም ብሎክ (ናሙናው የተቀበረበት የሰም ቁራጭ) በመላክ፣ ወይም ሥዕሉን በኮምፒውተር በማጋራት ሊገኝ ይችላል።

ይህ እንዲሆን ናሙናው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጀምሮ በደንብ መያዝ አለበት። ፎርማሊን በሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የብርቱካን ያህል ዕጢ ሳይሰነጠቅ በጠባብ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ ቢላክ፣ ዳሩ ሲጠበቅ መካከሉ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰውም ክፍል በኋላ በዕጢው ራሱ የሞተ መስሎ ደረጃውን ሊያሳስት ይችላል። 10 በመቶ የሆነ ገለልተኛ ፎርማሊን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከትልቁ ስፋት በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ብሎክ ይወሰዳል። አጥንት ያለበትን ቁራጭ በጠንካራ አሲድ ማለስለስ ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ፣ ለስላሳው ክፍል አስቀድሞ ተለይቶ ያለ አሲድ መቀመጥ አለበት።

አስፈላጊው ቀለም በሌለበት ላቦራቶሪም የሚጻፈው ሪፖርት ባዶ አይደለም። «እንዝርት መሰል ሕዋሳት ያሉት ከፍተኛ ደረጃ ሳርኮማ፣ ዓይነቱ ለጊዜው ያልተለየ» ማለት ለቀዶ ሐኪሙ ቀጣዩን እርምጃ የሚነግር እውነተኛ ምርመራ ነው፤ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ስም ከመጻፍም ይበልጣል። ከሥሩ የታየው አደረጃጀት፣ የመከፋፈሉ ቁጥርና የተቆጠረበት ስፋት፣ የሞተው ክፍል መጠን፣ ጠርዙ ከዕጢው በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ፣ በሐሳብ ውስጥ የገቡት ሌሎች ዓይነቶችና እነርሱን ለመለየት የሚቀሩት ቀለሞች በስም ይዘርዘሩ። ዕጢውን በሚገባ የሚወክለው ብሎክ ቁጥርም ይጻፍ፣ ናሙናውን የሚቀበለው ላቦራቶሪ ሥራውን ከዚያ ብሎክ ላይ ይቀጥላልና።